ጄራኒየምን በራሱ ስም እንጥራው፦ ስለ ጽጌረዳ መዓዛው ቅጠል ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጽጌረዳ መዓዛ ጄራኒየም የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሁለት ወዳጆቼ በተለያየ ጊዜ ደረሰኝና ደጋግሜ አነበብሁት። ጸሐፊው የጎጃም ሰው መሆናቸውን፣ ለአገራቸው ገበሬም መልካም ተመኝተው መጻፋቸውን ከአጻጻፋቸው መረዳት ይቻላል። ሐሳባቸው ባጭሩ ሲቀርብ የሚከተለው ነው። ተክሉ ከጥንት ጀምሮ በጎጃም ደጅ የነበረ የራሳችን ቅርስ ነው ይላሉ፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ዘይት ከጽጌረዳ ዘይት ጋር አንድ ነው ይላሉ፤ በመስኮት ወይም በበር አጠገብ ቢቀመጥ የወባ ትንኝን ወደ ቤት አያስገባም፣ ሳልንና የደም ግፊትንም ይፈውሳል ይላሉ፤ በመጨረሻም የጎጃም ገበሬ ከጤፉና ከድንቹ መሬት ቀንሶ ዘሩን ቢዘራ፣ አበባው ሲበዛ እያጨደ ቅጠሉን እንደ አረቄ በቤቱ ቢያወጣ በአጭር ጊዜ እንደሚበለጽግ ይመክራሉ።

እኔ በደብረ ማርቆስ ይህን ተክል በደጄ ማሳደግ ከጀመርሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። የተማርሁት ግብርና ነው፤ የኖርሁትም በዚያው ሙያ ነው። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ በሚያደርሰው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ የተተከለ በመሆኑ፣ ወደ ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ በቀሚሱ ወይም በጋቢው ጫፍ እየዳሰሰው ያልፋል፤ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ መዓዛው አብሮት ይገባል። ስለዚህ ለዚህ ቅጠል ያለኝ ፍቅር ከጸሐፊው ፍቅር የሚያንስ አይመስለኝም። ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ፍቅር ነው፤ ምክንያቱም ተክሉ ያልሆነውን ነው ተብሎ የተነገረው ገበሬ የተባለውን ፈልጎ ባጣው ጊዜ፣ በእርግጥ ያለውን ጥቅም ጭምር ነቅሎ ይጥለዋል። ከዚህም በላይ በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁለቱ፣ ማለትም ስለ ወባና ስለ ድንች ማሳ የተባሉት፣ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ በመሆናቸው በዝምታ ሊታለፉ አይገባም።

በመጀመሪያ የትውልድ አገሩን ነገር እንመልከት። ጽጌረዳ መዓዛ ያለው ጄራኒየም ዘሩ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ዛሬ ለዘይት በሰፊው የሚለማው ዓይነት ፔላርጎኒየም ካፒታቱምና ፔላርጎኒየም ራደንስ ከሚባሉ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ዝርያዎች የተዳቀለ ሲሆን፣ በብዙ ቦታ ግን ፔላርጎኒየም ግራቪዮለንስ በሚለው ስም ይጠራል። የእነዚህ ተክሎች ወገን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በመርከብ ወደ አውሮፓ መሄድ ጀመረ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ፈረንሳዮች ለሽቶ ሥራ በግራስ ከተማ ዙሪያ፣ ከዚያም በአልጄሪያና በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው በሪዩኒየን ደሴት አስፋፉት። ዛሬ ዋነኞቹ አምራቾች ግብጽና ቻይና ናቸው። ወደ እኛ ደጅ የደረሰው ከእነዚህ ጉዞዎች በኋላ ነው።

የጸሐፊው ስሕተት የመጣው ከስሙ ሳይሆን አይቀርም። በደጋው የኢትዮጵያ ክፍል፣ በጫካ ዳርና እርጥበት ባለው ሣር ውስጥ የሚበቅል ጄራኒየም አራቢኩም የሚባል የአገር ተክል በእርግጥ አለ፤ ፔላርጎኒየም መልቲብራክቴያቱም የሚባል ነጭ አበባ ያለው የጽጌረዳ መዓዛው ሩቅ ዘመድም በአገራችን ይበቅላል። ስዊድናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 እነዚህን ሁሉ ጄራኒየም በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ ነበር፤ ፈረንሳዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሌሪቲየ በ1789 ፔላርጎኒየምን ለይቶ አወጣው፤ የሕዝቡ አፍ ግን የቀድሞውን ስም ይዞ ቀረ። ልዩነቱን ለማየት አጉሊ መነጽር አያስፈልግም። እውነተኛው ጄራኒየም አምስቱ የአበባ ቅጠሎቹ እኩልና ተመሳሳይ ናቸው፤ የፔላርጎኒየም ግን የላይኞቹ ሁለቱ ከታችኞቹ ሦስት በመጠንም በቀለምም ይለያሉ፤ ደጄ ባለው ተክል ላይ እነዚያ ሁለቱ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ጭረት አላቸው። ሁለቱም ስሞች በግሪክ ቋንቋ ረጅም ምንቃር ካላቸው ወፎች የተወሰዱ ናቸው፤ ፍሬያቸው እንደ ምንቃር ሾጠጥ ብሎ ስለሚወጣ ነው።

ተክሉ ከውጭ መጣ ማለት ግን ነቀፌታ አይደለም። ድንች እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የእጽዋት ሰብሳቢ በሺምፐር እጅ ወደ አገራችን እንደ ገባ ይነገራል፤ ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገባ፤ ዛሬ ጎጃምን ያለ ሁለቱ ማሰብ የሚችል ሰው የለም። ቅርስ ለማሰኘት ሲባል የሌለ ታሪክ መስጠት ግን የራሳችን የሆኑትን ይጋርድብናል። የዱር ጽጌረዳችን ቀጋ በየአጥሩና በየገደሉ አፍ እያበበ፣ ከአገራችን ተራሮች ውጭ እምብዛም የማይገኘው ጦስኝ በየዓመቱ ከደጋ ወደ ገበያ እየወረደ፣ ለሌላ አገር ተክል የትውልድ ማስረጃ መጻፍ ለእኔ አሳዛኝ ነገር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የቅጠሉ ዘይት ከጽጌረዳ ዘይት ጋር አንድ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል የሚባሉት ውህዶች በሁለቱም ዘይቶች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ፤ አፍንጫችን ቅጠሉን ጽጌረዳ ነው የሚለውም በእነርሱ ምክንያት ነው። ሆኖም የጽጌረዳ ዘይት መዓዛ በእነዚህ ብቻ አይቆምም። ቤታ ዳማስሴኖን የሚባለው ውህድ በጽጌረዳ ዘይት ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ፣ ያን ጥልቅ፣ የበሰለ ፍሬ የሚመስል ጠረን ከሚሰጡት ዋነኛው ነው። የጄራኒየም ዘይት በአንጻሩ አይሶሜንቶን ስላለበት ከጽጌረዳው ሥር ናና መሰል ቅዝቃዜ ይሰማበታል፤ ሲትሮኔሊል ፎርሜት የሚባለውም አረንጓዴነት ያለው፣ ቅጠል ቅጠል የሚል ሽታ ይጨምርበታል። የግብጹና የሪዩኒየኑ ጄራኒየም ዘይቶች እርስ በርሳቸው እንኳ የሚለዩባቸው ውህዶች አሏቸው፤ በእነዚያም ምክንያት ዘይቱ ከየት እንደ መጣ በምርመራ መለየት ይቻላል።

የመጠኑም ነገር አለ። አንድ ኪሎ ግራም የጽጌረዳ ዘይት ለማግኘት ከ3,000 እስከ 4,000 ኪሎ ግራም የሚደርስ የአበባ ቅጠል ያስፈልጋል፤ ያም በእጅ እየተለቀመ፣ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ የሚሰበሰብ ነው። ከጄራኒየም ግን እርጥብ ቅጠሉ የሚሰጠው ዘይት ከክብደቱ ከመቶ ከ0.1 እስከ 0.2 እጅ ገደማ በመሆኑ፣ ለአንድ ኪሎ ግራም ዘይት ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ግራም ቅጠል ይበቃል። የዋጋቸው ልዩነት ከዚህ ይመነጫል፤ የጽጌረዳ ዘይት ነጋዴዎች ርካሹን ጄራኒየም እየቀላቀሉ ገዢን ሲያታልሉ የኖሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ገበሬ ሳያውቅ፣ አንድ ነው የሚለውን ምክር ሰምቶ ዘይቱን የጽጌረዳ ብሎ ለገበያ ቢያቀርብ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የዘይቱን ውህዶች ለያይቶ በሚያሳይ መሣሪያ፣ የሚመረምር ገዢ በአንድ ቀን ይደርስበታል፤ ስሙም ከዚያ በኋላ አይነሣም። ለጄራኒየም ዘይት አይሶ 4731 የሚባል የራሱ ዓለም አቀፍ መስፈርት አለው፤ በራሱ ስም የሚሸጥ፣ በራሱ ስም የሚፈለግ ዘይት ነው።

ለእኔ የዚህ ተክል ክብር ከጽጌረዳ ጋር በመመሳሰሉ ላይ አይደለም። የጽጌረዳ ሽታ በአበባው ላይ ነው፤ አበባው ይረግፋል። ጄራኒየም ግን መዓዛውን በቅጠሉ ላይ ይዞ ዓመቱን ሙሉ ይቆማል። ቅጠሉን በብርሃን ፊት አቅንታችሁ ብትመለከቱ ፊቱም ጀርባውም በደቃቅ ጸጉር ተሸፍኖ ታያላችሁ፤ ከጸጉሮቹ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ እንደ ጤዛ ጠብታ ያለ እጅግ ትንሽ ከረጢት አላቸው፤ ዘይቱ ያለው በዚያ ውስጥ ነው። ጣት ሲነካው ከረጢቱ ይፈነዳል፣ ሽታው ይወጣል፤ ካልተነካ ግን ዝም ይላል። ማየት የተሳናት አንዲት ጎረቤታችን ወደ ቤታችን ስትመጣ ከአጥሩ በር ጀምራ በእጇ እየዳበሰችው ትገባ ነበር፤ ቤታችንን የምታውቀውም በዚያ ነበር። ስሙን ስላልነገርኋት "ሽቶው" ትለው ነበር፤ ከሰማኋቸው ስሞች ሁሉ የሚስማማኝ የእርሷ ነው።

ወደ ወባው ነጥብ ልለፍ። ቅጠሉ ተወቅጦ የሚወጣው ዘይት በቆዳ ላይ ሲቀባ ትንኝን ለጥቂት ጊዜ ሊያርቅ እንደሚችል አልክድም፤ ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል እንዲህ ያለ ጠባይ አላቸው። ነገር ግን በማሰሮ ተተክሎ በመስኮት ላይ የተቀመጠ ተክል ያንን አያደርግም፤ ምክንያቱን አሁን ተናግሬዋለሁ፤ ያልተነካ ቅጠል ዘይቱን ይዞ ይቀመጣል። በሰሜን አሜሪካ ትንኝ አባራሪ ተብሎ በሰፊው የተሸጠ አንድ የመዓዛማ ጄራኒየም ዓይነት ነበር፤ የካናዳ ተመራማሪዎች በመስክ ፈትነውት እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ውጤት፣ በተክሉ አጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ተክል ከሌላቸው ያላነሰ በትንኝ መነከሳቸውን ገልጸዋል። እንዲያውም ትንኞች በቅጠሉ ላይ ሲያርፉ ታይተዋል።

ይህ በካናዳ ቢሆን የገንዘብ ኪሳራ ብቻ ነው። በእኛ አገር ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ዛሬም በጣና ዙሪያ፣ በዓባይ ሸለቆ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቆላማ ቀበሌዎች ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ወባ ይበረታል። በእነዚህ ቦታዎች የምትኖር እናት ጽሑፉን አንብባ አጎበሩን ጠቅልላ ብታስቀምጥና ማሰሮውን በመስኮት ብታኖር የሚደርስባትን ጸሐፊው ራሳቸው የሚወዱት አይመስለኝም። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ አጎበሩን ዘርጉ፤ ትኩሳት ሲሰማችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ጄራኒየሙን ለመዓዛው ያዙት።

ሳልን ይፈውሳል ስለ ተባለው ብዙ አልልም። ፔላርጎኒየም ሲዶይደስ የሚባል የዚህ ተክል ዘመድ በደቡብ አፍሪካ አለ፤ የሥሩ ጭማቂ በጀርመን አገር ለሳል መድኃኒትነት ተዘጋጅቶ ይሸጣል። ጸሐፊው ያነበቡት ስለ እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን እርሱ ሌላ ተክል ነው፤ ጥቅም ላይ የሚውለውም ሥሩ እንጂ ቅጠሉ አይደለም፤ የጽጌረዳ ሽታም የለውም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ኪኒኑን ትቶ ይህን ቅጠል እንዲያፈላ የሚያደርግ ምክር መጻፍ ተገቢ አይደለም። ዘይቱም ተነጥሮ የወጣ በመሆኑ የሚጠጣ ነገር አይደለም፤ ቆዳቸው ስስ የሆነ ሰዎችን ሊያሳክክ ይችላል፤ ድመትና ውሻም ቅጠሉን ቢበሉ ይታመማሉ።

በዘር ይበቅላል ለተባለው መልሱ አጭር ነው። ለዘይት የሚለማው ድቅል መካን ነው፤ የሚበቅል ዘር አይሰጥም። የሚራባው ከቅርንጫፉ በሚወሰድ ቁራጭ ብቻ ነው። በገበያ የጄራኒየም ዘር ተብሎ የሚሸጠው ለጌጥ የሚተከለው፣ ቀይና ሮዝ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ክብ የሆነው ሌላው ዓይነት ነው፤ ቅጠሉም ሲነካ ደስ የማይል ሽታ አለው። ዘሩን ገዝቶ አንድ ጥማድ መሬት የሚሸፍን ገበሬ አበባ ያገኛል፤ ዘይት ግን አያገኝም።

አሁን ዋናው ላይ ደርሰናል። ጸሐፊው ድንቹንና ጤፉን ቀንሶ ጄራኒየም ስለ መትከል የሰጡት ምክር ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው፤ ከድንቹ ልጀምር። ጄራኒየምና ድንች የሚጋሩት አንድ ክፉ ጠላት አላቸው፤ ራልስቶኒያ ሶላናሴያሩም የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ የሚያመጣውም ተክልን በቁሙ የሚያጠወልግ በሽታ ነው። የደጋ ድንች ገበሬ ያውቀዋል፤ ማለዳ ለምለም የነበረው ድንች ቀትር ላይ ውሃ እንደ ጠማው ዝልል ይላል፣ ውሃ ቢጠጣም አይነሣም። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጣችሁ ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ብታንጠለጥሉት ከቁርጡ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ፈሳሽ ሲወርድ ታያላችሁ፤ ምርመራው ይህን ያህል ቀላል ነው። በሽታው በአፈር፣ በመስኖ ውሃ፣ በዶማና በቢላዋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተከላ ቁራጭ ይዛመታል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ከኬንያ ወደ አሜሪካ በተላኩ የጌጥ ጄራኒየም ቁራጮች ውስጥ ይህ ባክቴሪያ ተገኝቶ፣ የአሜሪካ መንግሥት የድንች ማሳዎቹን ለመጠበቅ ሲል በብዙ የአበባ ቤቶች ያሉ እጅግ ብዙ ተክሎች እንዲወገዱ አስደርጓል። መዓዛማዎቹ ዓይነቶችም ከዚህ ነጻ አይደሉም፤ በሪዩኒየን ደሴት ለዘይት የሚለማውን ጄራኒየም ያስቸገረ በሽታ ነው። ከሁሉ የከፋው አንዳንድ ጊዜ ተክሉ ባክቴሪያውን በውስጡ ይዞ ምንም ምልክት ሳያሳይ መቆየት መቻሉ ነው። እንግዲህ በጮቄ ሥር ወይም በአዊ ደጋ ያለ ገበሬ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ የጄራኒየም ቁራጭ አምጥቶ ድንች በነበረበት ማሳ ላይ ቢተክል፣ ወይም ከጄራኒየሙ በኋላ እንደገና ድንች ቢመልስበት፣ የራሱን ብቻ ሳይሆን በቦዩ በታች ያለውን የጎረቤቱንም ማሳ ይበክላል። ጸሐፊው የቆጋን መስኖ እንደ ምቹ ቦታ ጠቅሰዋል፤ በዚያ ሜጫ ወረዳ ውስጥ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ከአንድ ግድብ በሚወጣ ውሃ የሚለማ በመሆኑ፣ በውሃ የሚጓዝ በሽታ ከገባበት ማቆሚያው ከባድ ነው። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ደበርጃን በቅርብ ዓመታት በነበረበት መሬት ላይ ጄራኒየም ባይተከል ይሻላል፤ ቁራጩም በሽታ እንደሌለበት ከተረጋገጠ የችግኝ ቦታ ብቻ ይወሰድ።

የአፈሩንም ነገር ጽሑፉ ዘሎታል። ጄራኒየም እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳል። የጎጃም ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም የማያቋርጥ ዝናብ ነው፤ በዋልካ መሬት ላይ ውሃው ተኝቶ ይሰነብታል። የእኔዎቹ እንኳ ቀይ አፈር ላይ ሆነው፣ በመጀመሪያው ክረምት ዝቅ ባለው ጥግ የተከልኋቸው አንድም ሳይተርፍ ሞቱብኝ፤ በሁለተኛው ዓመት አፈሩን ከፍ አድርጌ በመደብ ላይ ስተክል ዳኑ። ከጮቄ አናት አካባቢ ደግሞ ውርጩ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ለዚህ ተክል የሚስማማው ወይና ደጋው፣ ውሃ የማይዘው ተዳፋት ነው።

ስለ ምርቱ ስሌት እንመልከት። አንድ የአህያ ጭነት 50 ኪሎ ግራም ነው ብንል፣ 1,000 ኪሎ ግራም እርጥብ ቅጠል ሃያ የአህያ ጭነት ነው፤ ከዚያ ሁሉ የሚገኘው ዘይት ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ግራም ነው። ይህ ሃያ ጭነት በታጨደበት ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ማንጠሪያው መድረስ አለበት፤ ተቆልሎ ከሰነበተ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ዘይቱም ይበላሻል። አጨዳው አበባው ሲበዛ ይሁን ማለታቸውም ትክክል አይደለም። ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚከተሉት ምልክት ቅጠሉ ነው፤ ለምለምና ገና ጨቅላ ሳለ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ሲደርስ ግን ቀለሙ ትንሽ ገርጠት ይልና ሽታው ወደ ጽጌረዳ ይዞራል። ያን ጊዜ ነው ማጭድ የሚነሣው። ከተተከለ አራት ወር ገደማ ሲሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆረጣል፤ ከዚያ በኋላም ከመሬት ስንዝር ያህል እየተተወለት በየሦስት በአራት ወሩ ሊቆረጥ ይችላል።

እንደ አረቄ በቤት ይውጣ የተባለውን በጥሞና ላብራራው፤ ምክንያቱም በመልክ ተመሳሳይ፣ በሥራው ግን የተለየ ነገር ነው። በአረቄ አወጣጥ ድፍድፉ ራሱ በማሰሮው ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል፤ የወረደው ሁሉ አረቄ ነው። የጄራኒየም ቅጠል ግን በሚፈላ ውሃ ውስጥ መዘፈቅ የለበትም፤ ለዘይቱ ልዩ መዓዛ ከሚሰጡት ውህዶች መካከል ፎርሜቶቹ በፈላ ውሃ ውስጥ ሲቆዩ ይፈርሳሉ። ቅጠሉ ከውሃው በላይ በወንፊት መሰል መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንፋሎት ብቻ እንዲያልፍበት ይደረጋል። የሚወርደውም ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፤ ዘይቱ ከውሃ ስለሚቀል በላዩ ላይ እንደ ቅባት ይንሳፈፋል፤ እርሱን ለይቶ ለመቅዳት አንገቱ ጠባብ የሆነ መለያ ዕቃ ያስፈልጋል። የሸክላ ጋን ዘይትን ይመጥጣል፤ አረቄ የወጣበት ዕቃም ሽታውን አይለቅም። ስለዚህ ከማይዝግ ብረት ወይም ከመዳብ የተሠራ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል ዕቃ ካልተገኘ የሚወጣው ገዢ የሌለው ነገር ነው።

ከዚያ የማገዶው ጥያቄ ይመጣል፤ ጽሑፉ አንድም ቃል አላለበትም። እያንዳንዱ የማንጠር ሥራ ሰዓታት የሚወስድ የማያቋርጥ እሳት ይፈልጋል። የሪዩኒየን ደጋማ ክፍል ታሪክ ለእኛ እጅግ የቀረበ ነው። ደኑ ለጄራኒየም ማሳ ተመነጠረ፤ በተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር በዝናብ ታጠበ፤ ለማንጠሪያው እሳት ማገዶ እንዲሆን፣ የደከመውንም መሬት እንዲያሳርፍ አካሺያ ሜርንሲ የሚባል ዛፍ ተተከለ፤ ያ ዛፍ ከማሳው ወጥቶ የደሴቲቱን ተራሮች የሚወርር አረም ሆነ። በአዊ ያሉ አንባቢዎች ይህን ሲሰሙ ስለ ምን እንደምናገር ይገባቸዋል፤ በፋግታ ለኮማና በዙሪያዋ ለከሰል የተስፋፋው ዲከረንስ የዚያው ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ዲከረንስ ለብዙ ቤተሰብ ገቢ አምጥቷል፣ ይህን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የጄራኒየም ማንጠሪያ በየቤቱ ቢተከል የሚነደው እንጨት ከዚያው፣ ወይም ከባሕር ዛፉ፣ አለዚያም ከቀረው የአገር ዛፍ መሆኑን ማሰብ ይገባል። በጮቄ ተዳፋት ላይ የቀረው ዛፍ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሒሳብ ሳያሰላ ምክር ሊሰጥ አይገባም ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ለዘይት አይተከል ማለቴ አይደለም። በቅድሚያ ገዢ ተገኝቶ፣ ጥቂት ገበሬዎች ተባብረው አንድ ማንጠሪያ በጋራ አቁመው፣ ጤፋቸውን ሳይነኩ ውሃ ከማይተኛበት የጓሮ መሬት ቢጀምሩ ሊያዋጣ ይችላል ብዬ አምናለሁ፤ በመዓዛማ ተክሎች ላይ የሚሠራው የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የመጀመሪያው በር ነው። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ጸሐፊው ማሳውን አስቀድመው ገበያውን አስከተሉ።

ለቤት የሚሆነው ጥቅም ግን ዘይት አይጠይቅም፤ እዚህ ላይ ጽሑፉ ዝም ማለቱ ገርሞኛል። ሁለት ቅጠል በሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጣል አድርጎ ወዲያው ማውጣት ይበቃል፤ ብዙ ከቆየ ይመራል። በቱኒዚያ ከቅጠሉ የሚነጠረው ውሃ ለጣፋጭ ምግብ ይገባል፤ በግሪክ አገር ቅጠሉ ከፍራፍሬ ጋር አብሮ ተቀቅሎ ማርማላታ ይሠራበታል። እኛ ቤት ስኳር በክዳን ዕቃ ውስጥ ስናስቀምጥ በመካከሉ ሦስት አራት የደረቀ ቅጠል እናኖራለን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስኳሩ ራሱ መዓዛውን ይይዛል። ለበዓል ቄጠማ ስንጎዘጉዝ ባለቤቴ አንድ እፍኝ ትበትንበታለች፤ ሰው በረገጠው ቁጥር ቤቱ ይታወዳል። በቡና ላይ ግን የጤና አዳምን ቦታ ይውሰድ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ ሞክረነዋል፤ የቡናውን ሽታ ይጋፋል።

ጸሐፊው በደብረ ማርቆስ በኩል የሚያልፉ ከሆነ በወርኃ ጽጌ ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል። ዝናቡ አባርቶ አፈሩ ገና እርጥበት ሳያጣ ቁራጭ ለመውሰድ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሦስት አራት አንጓ ያለበት ጤነኛ ቅርንጫፍ፣ በእሳት በተለበለበ ቢላዋ ከአንጓው ሥር ተቆርጦ፣ የታችኞቹ ቅጠሎች ተነሥተውለት፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለአንድ ሌሊት በጥላ ይቀመጣል፤ ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ሁለት አንጓ ያህል ይተከላል፤ ውሃ ከማብዛት ይልቅ ማሳነስ ይሻለዋል። ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ በቀስታ ሳብ ሲያደርጉት ከተቃወመ ሥር ሰዷል ማለት ነው። አሥር ያህል እንዲህ አዘጋጅቼ እጠብቃቸዋለሁ።